ፓሴጁ አጠረ፣ ንባቡስ ቀለለ? የመግቢያ ፈተና ሪዲንግ ልምምድ የቱ ጋር እንደሚስት

ኮቪድ የገባ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. 2020 ላይ፣ የመፈተኛ ቦታዎች ሲዘጋጉ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው የኤስኤቲ ውጤት ካላችሁ ላኩ፣ ከሌላችሁም ያለሱ እናያችኋለን ብለው ነበር፣ ቴስት ኦፕሽናል የሚባለው ነገር ይሄ ነው። ከዛ ኤምአይቲ በ2022 ፈተናውን መልሶ ግዴታ አደረገ፣ በ2024 ደሞ ዳርትማውዝ፣ ብራውንና ሃርቫርድ ተከተሉት፣ ዬልም ከኤስኤቲ ሌላ የኤፒና የአይቢ (ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚሰጡ ሌሎች ፈተናዎች) ውጤት ጭምር እቀበላለሁ ብሎ ውጤት መጠየቅ ጀመረ። አብዛኛው ኮሌጅ ዛሬም አይጠይቅም፣ ግን የሚጠይቁት ስማቸው የገነነው ስለሆኑ ፈተናው ተመለሰ የሚለው ወሬ ከእውነታው ቀድሞ ሮጧል።

የተመለሰው ፈተና ደሞ ያኔ የተተወው አይደለም። በመሀል ኤስኤቲ ወረቀቱን ጥሎ ኮምፒውተር ላይ ወጣ፣ የድህረ ምረቃ መግቢያው ጂአርኢ በግማሽ ገደማ አጠረ፣ የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያው ጂማት የሰዋስው ጥያቄዎቹን ከቨርባል (የቋንቋ) ክፍሉ አወጣ፣ የህግ ትምህርት ቤት መግቢያው ኤልሳት ሎጂክ ጌምስ የሚባለውን የእንቆቅልሽ ክፍል ሰረዘ። ስለዚህ የቆየ መጽሐፍ ይዞ የሚያጠናው፣ ዩቲዩብ ላይ አዲስ ቪዲዮ የሚያየውና ከታላቁ ምክር የተቀበለው ሶስቱም ስለተለያየ ፈተና ነው የሚያወሩት። ሪዲንግ ላይ ሲደርሱ ግን ሁለት ነገር ተደጋግሞ ይሰማል፣ አንዱ ፓሴጁ፣ ማለትም ጥያቄ የሚወጣበት ጽሑፍ፣ አጭር ስለሆነ ትሪኩን ማወቅ ይበቃል ይላል፣ ሌላው ደሞ ሪዲንግ በልምምድ አይሻሻልም፣ ወይ አለህ ወይ የለህም ይላል። ሁለቱም ባዶ ወሬ አይደሉም፣ እያንዳንዳቸው የሚደገፉበት ነገር አላቸው፣ ግን ሁለቱም ሰው ቁጭ ብሎ የሚለማመድበትን መንገድ ያበላሻሉ።

ምንድነው የተቀየረው

ክሪቲካል ሪዲንግ ከ2005 እስከ 2016 የኤስኤቲ አንዱ ክፍል ስም ነበር። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ጽሑፉ ምን እንዳለ ከመረዳት አልፎ ጸሐፊው ምን ሊያሳምን እንደፈለገ፣ በምን እንደደገፈው፣ ድጋፉ የቱ ጋር እንደሳሳ ለይቶ ማንበብ ነው። ስሙ በ2016 ከኤስኤቲ ላይ ጠፋ፣ ስራው ግን እዛም ሆነ በሌሎቹ ፈተናዎች ላይ አለ።

በፊት የነበረው የወረቀቱ ኤስኤቲ 5 ረጃጅም ፓሴጅ ወይም ጥንድ ፓሴጅ፣ 52 ጥያቄና 65 ደቂቃ ነበረው፣ አንዱ ፓሴጅ ከ500 እስከ 750 ቃል ይሆናል። የአሁኑ ዲጂታል ኤስኤቲ ሪዲንግና ራይቲንግን አንድ ላይ አርጎ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ ይጠይቃል፣ ፓሴጁ ከ25 እስከ 150 ቃል ብቻ ነው፣ ለያንዳንዱ ፓሴጅ ደሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው (ከአሜሪካ ውጪ ከመጋቢት 2023፣ አሜሪካ ውስጥ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ)። ጂአርኢ ቨርባል 27 ጥያቄ በ41 ደቂቃ፣ ጂማት ቨርባል 23 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነው። ኤልሳት ላይ አንድ የሪዲንግ ክፍል 35 ደቂቃና 4 የፓሴጅ ስብስብ አለው፣ የህክምና ትምህርት ቤት መግቢያው ኤምካት ደሞ 9 ፓሴጅና 53 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ይሰጣል። ማለትም ፓሴጅ አጠረ የሚባለው በዋናነት የኤስኤቲ ታሪክ ነው፣ ለህግና ለህክምና የሚፈተን ሰው ዛሬም ረጅም ጽሑፍ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ሌላው ለውጥ አዳፕቲቭ የሚባለው ነው፣ ፈተናው በመለስከው ልክ ቀጥሎ የሚመጣውን ክብደት ይቀይራል። ኤስኤቲ ይሄን የሚያደርገው በሞጁል፣ ማለትም ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን 27 ጥያቄዎች በደምብ የሰራ ሰው ሁለተኛው ሞጁል ይከብድበታል፣ ያልሰራው ይቀልለታል፣ ግን የቀለለው ሞጁል ላይ ሁሉን ቢመልስ እንኳን ጣሪያው ላይ አይደርስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሞጁል ላይ በችኮላ የሚጣል ነጥብ ከሌላው ይበልጥ ያስከፍላል። ጂአርኢም በክፍል በክፍል ነው የሚሄደው፣ ጂማት ግን ጥያቄ በጥያቄ ነው የሚቀያየረው።

አንድ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ከነዛ 54 የኤስኤቲ ጥያቄዎች ንባብ የሚፈትኑት ከግማሽ ትንሽ ነው የሚበልጡት፣ የተቀረው ስርአተ ነጥብ፣ ሰዋስውና አረፍተ ነገር ማያያዝ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ በሁለት ወር ውስጥ ስኮሩ 40 ነጥብ ቢጨምር የጨመረው ኮማ የት እንደሚገባ ስለተማረ ሊሆን ይችላል፣ ሪዲንጉ ባለበት ቁጭ ብሎ። ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ይሄን አያውቀውም፣ ከዛ ሪዲንጌ ተሻሽሏል ብሎ ልምምዱን ያቆማል።

ፈተናው የሚጠይቀው ንባብ ከሌላው ንባብ በምን ይለያል

መጽሐፍ ወይም ዜና ስናነብ የምናውቀውን ሁሉ ይዘን ነው የምንገባው፣ ጸሐፊው ያላለውን እንሞላለን፣ አንዳንዱን እንዘላለን፣ አንዳንዱ ላይ እንናደዳለን። ፈተናው ግን መልሱ ወረቀቱ ላይ ካለው ቃል መውጣት አለበት ይላል። ይሄ የፈተና አውጪዎቹ ጭካኔ አይደለም፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የተፈተነው ጥያቄ ላይ አንዱ ተነስቶ ይሄም እኮ ልክ ነው ብሎ ቢከራከር የሚሰጡት መልስ ያስፈልጋቸዋል። ትክክለኛው ምርጫ ብዙ ጊዜ ደረቅ፣ ጠንቀቅ ያለ፣ ሊሆን ይችላል እና በከፊል የሚሉ ቃላት የበዛበት የሚሆነውም ለዚህ ነው፣ ደረቅ አባባል ለክርክር አይመችም።

ኢንፈረንስ የሚሉት የጥያቄ አይነት ላይ ደሞ ሰው በብዛት ይወድቃል። በተራ ወሬ ኢንፈር ማድረግ ስንል መገመት፣ ከነገሩ ጀርባ ያለውን ማሽተት ማለታችን ነው። ፈተናው ላይ ግን ጽሑፉ እውነት ከሆነ ይሄም እውነት መሆኑ የማይቀር ወይም በግልጽ የተደገፈ ነው የሚባለውን መምረጥ ነው፣ እርምጃው በጣም አጭር ነው። ጎበዝና ሀሳበ ሰፊ የሆነ ተማሪ እዚህ ላይ ሁለት ሶስት እርምጃ ሄዶ ያርፋል፣ የደረሰበት ቦታ አስተዋይነት የሞላበት ሊሆን ይችላል፣ ነጥብ ግን የለውም።

አንድ ፓሴጅ በቅርበት

ለማሳያ የተሰራች አጭር ጽሑፍ እንይ፦

«አንድ ቤተ መጻሕፍት የምሽት ሰዓቱን ካራዘመ በኋላ የተዋሱ መጻሕፍት ብዛት ጨመረ። አስተዳደሩ ጭማሪውን ያመጣው የሰዓቱ መራዘም ነው ይላል። ይሁን እንጂ በዚያው ወር መጽሐፍ አዘግይቶ በሚመልስ ላይ ይጣል የነበረው ቅጣት ተነስቷል፤ ጭማሪውም በአብዛኛው የታየው ቀን ቀን በሚመጡ አንባቢዎች ዘንድ ነው።»

ጥያቄው ከጽሑፉ የቱን መደምደም ይቻላል ይላል እንበል፣ ምርጫዎቹም፦

ሀ. የምሽት ሰዓትን ማራዘም ለአንባቢዎች ጥቅም የለውም።
ለ. የተዋሱት መጻሕፍት የጨመሩት ቅጣቱ ስለተነሳ ነው።
ሐ. አስተዳደሩ የሰጠው ምክንያት ብቻውን ጭማሪውን ላያስረዳ ይችላል።
መ. ቅጣት የማይጥሉ ቤተ መጻሕፍት ከሚጥሉት ይልቅ ብዙ አንባቢ ይስባሉ።

«ሀ»ን ብዙ ሰው ቶሎ ይጥለዋል፣ ጥቅም የለውም የሚለው ጽሑፉ ካለው በጣም ይርቃል፣ በምሽት የመጡት ሰዎች ባይዋሱም ቁጭ ብለው አንብበው ሊሆን ይችላል። «መ» ምናልባት በአለም ላይ እውነት ነው፣ ግን ጽሑፉ ስለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ነው የሚያወራው፣ ሌሎቹን አላነሳም። ዋናው ወጥመድ «ለ» ነው። ጸሐፊው ቅጣቱን ያነሳው ለምን ሆነና፣ መልሱ እሱ ነው ማለቱ አይደል ያስብላል፣ ስሜቱም ልክ ነው፣ ጽሑፉ ወደዛ ያዘነብላል። ግን የተጻፈው ሁለት ነገር በአንድ ወር ተደረገ፣ ጭማሪው የታየውም ቀን ላይ ነው የሚል ብቻ ነው፣ ያ የአስተዳደሩን ምክንያት ያናጋል እንጂ ሌላ ምክንያት አያቆምም። ሶስተኛ ነገር ሊኖር ይችላል፣ ፈተና የደረሰበት ወር ሊሆን ይችላል፣ አናውቅም። «ሐ» ቀሽም የሚመስል መልስ ነው፣ ትክክሉም እሱ ነው።

እነዚህ የተሳሳቱ ምርጫዎች ዲስትራክተር ይባላሉ፣ አንባቢን እንዲስቡ ታስቦባቸው ነው የሚጻፉት፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ ነገር አይደለም የሚቀመጠው። እዚህ ላይ ያየናቸው ሶስቱ አይነቶች፣ ማለትም ያጋነነው፣ አንድ እርምጃ ያለፈው እና በውጪው አለም እውነት ሆኖ ጽሑፉ ላይ የሌለው፣ በየፈተናው ይመላለሳሉ። ሌላም አለ፣ ለምሳሌ የጽሑፉን ቃል ቃል በቃል ገልብጦ ግንኙነቱን የሚያዞር፣ መንስኤውን ውጤት ውጤቱን መንስኤ የሚያደርግ፣ ይሄኛው በተለይ ፓሴጁን ላይ ላዩን አይቶ ተመሳሳይ ቃል የሚፈልግ ሰው ላይ ጉድ ይሰራል።

ችሎታ ነው ወይስ እውቀት

ሪዲንግ አይሻሻልም የሚለው ወገን ከተመራማሪዎች ሰፈር የሚያመጣው ማስረጃ አለ። በ1988 ሬክትና ሌስሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች 64 የሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ጽሑፍ አስነበቡ። በንባብ ፈተና ደካማ የተባሉት ግን ቤዝቦል የሚያውቁት ልጆች፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ቤዝቦል ከማያውቁት የበለጠ ጽሑፉን ተረድተው ተገኙ። ከዚህ ተነስተው ንባብ ራሱን የቻለ ችሎታ አይደለም፣ ስለ ርዕሱ ያለህ እውቀት ነው የሚወስነው የሚሉ አሉ፣ እንደነሱ ከሆነ ዋናውን ሀሳብ ፈልግ የሚል ልምምድ መቶ ጊዜ ቢደጋገም ብዙም አያራምድም።

በሌላ በኩል ፈተናው የራሱ ብልሃት አለው የሚሉትም ማስረጃ አያጡም። በ1990 ካትዝና ባልደረቦቹ ያኔ የነበሩትን የኤስኤቲ ሪዲንግ ጥያቄዎች ፓሴጁን ሳያሳዩ ተማሪዎችን ጠይቀው፣ ውጤቱ በግምት ከሚመጣው በግልጽ በልጦ ተገኘ። ፓሴጁን ያዩት በእርግጥ የተሻለ ሰርተዋል፣ ግን ሳያነቡ ይሄን ያህል መመለስ ከተቻለ ከምርጫዎቹ አጻጻፍ ብቻ የሚገኝ ፍንጭ አለ ማለት ነው። ትሪክ ሻጮቹ የሚኖሩት እዚህች ስንጥቅ ውስጥ ነው። አሁን ላለው ፈተና ያን ያህል ይሰራል ብሎ መደምደም ግን አይቻልም፣ ጥናቱ በሌላ ዘመን ጥያቄ ላይ የተሰራ ነው።

ሁለቱን ስናያይዝ የሚመስለው ይሄ ነው። የጀርባ እውቀት ያግዛል፣ ሳይንስም ታሪክም ማህበራዊ ጉዳይም ሲያነብ የኖረ ሰው ፓሴጁ ላይ ቶሎ ይገባል፣ ይሄ ደሞ በሶስት ሳምንት አይገዛም። ግን ያው እውቀት ምርጫዎቹ ጋር ሲደርሱ ጠላት ይሆናል፣ ስለ ርዕሱ ብዙ የሚያውቅ ሰው ነው «መ»ን አይቶ ይሄማ የታወቀ ነው ብሎ የሚመርጠው። ስለዚህ በልምምድ በአጭር ጊዜ የሚሻሻለው ክፍል ሁለተኛው ነው፣ ከጽሑፉ ቃል ጋር ታስሮ የመቆየት ልማድ። የመጀመሪያው የረጅም ጊዜ ስራ ነው፣ ሁለቱን አንድ አርጎ ሪዲንግ ይሻሻላል አይሻሻልም ብሎ መከራከር ለማንም አይጠቅምም።

ኮርስ ስንት ነጥብ ያመጣል

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥር ይጋጫል። በ2009 ዴሪክ ብሪግስ የተባለ ተመራማሪ ለኮሌጅ መግቢያ አማካሪዎች ማህበር ባቀረበው ሪፖርት፣ እስከዛ የተሰሩትን ጥናቶች ሰብስቦ ኮርስ በአማካይ የሚያመጣው ጭማሪ ክሪቲካል ሪዲንግ ላይ ከ5 እስከ 10 ነጥብ፣ ሂሳብ ላይ ከ10 እስከ 20 ነጥብ ነው ብሏል፣ ይሄ እንግዲህ በ800 ነጥብ ልኬት ነው፣ ማለትም እዚህ ግባ አይባልም። በ2017 ደሞ የኤስኤቲ አውጪው ኮሌጅ ቦርድና ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚያስተምረው ካን አካዳሚ አብረው፣ ነጻ ልምምዳቸውን 20 ሰዓት የተጠቀሙ ተማሪዎች ከፒኤስኤቲ (ከኤስኤቲ በፊት ከሚሰጠው መለማመጃ ፈተና) ወደ ኤስኤቲ ሲሄዱ በአማካይ 115 ነጥብ ጨመሩ ብለው አወጁ፣ ይሄ ካልተጠቀሙት ጭማሪ እጥፍ ገደማ ነው ተባለ።

ሁለቱ እንደሚመስለው ያን ያህል አይጋጩም። 115ቱ የሁለቱ ክፍል ድምር ነው፣ ምንም ያልተለማመደ ተማሪም በነዛ ወራት ትምህርት ቤት እየሄደ በራሱ የሚጨምረው ውስጡ አለ። ሌላው ደሞ 20 ሰዓት በራሱ ፈቃድ ቁጭ ብሎ የሚለማመድ ልጅ ከማይለማመደው በሌላም ነገር ይለያል፣ ምናልባት መምህሮቹን ይጠይቃል፣ ምናልባት ቤት ውስጥ ጸጥታ አለው፣ ዕጣ አውጥቶ ግማሹን አንተ ተለማመድ ግማሹን አንተ ተው ያለ ሰው የለም። ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ የሚወጣውን ቁጥር በግማሽ በሩብ ቀንሶ ማየት ነው የሚሻለው፣ በተለይ ሪዲንግ ላይ። የነጻው ልምምድ ከሚከፈልበት ያንሳል የሚለውን የሚያስረግጥ ነገር ግን እዚህ ውስጥ የለም።

ሌላው የሚረሳው የውጤቱ የራሱ መዋዠቅ ነው። አንድ ሰው ዛሬም የዛሬ ሳምንትም ምንም ሳያጠና ቢፈተን አንድ ክፍል ላይ 30 ነጥብ ገደማ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል፣ ፈተና አውጪዎቹ ራሳቸው ውጤት ሲልኩ ይሄን ይነግራሉ። ማለትም በሁለት ልምምድ ፈተና መሀል የታየ 20 ነጥብ ጭማሪ የኮርሱ ውጤት ነው ተብሎ ሲለጠፍ ምንም ላይሆን ይችላል፣ 20 ነጥብ ቀነስኩ ብሎ መጽሐፍ የሚቀይረውም እንደዛው።

ፍጥነት የሚባለው ነገር

ሰው ሁሉ የሚያማርረው ሰዓት አልበቃኝም ብሎ ነው፣ ከዛ ቶሎ ማንበብ የሚያስተምር ኮርስ ይፈልጋል። በ2016 ኪት ሬይነርና ባልደረቦቹ በዚህ ላይ ያለውን ምርምር ገምግመው ፍጥነትና መረዳት አንዱ ሲጨምር ሌላው እንደሚቀንስ፣ በደቂቃ 250 ቃል የሚያነብ ሰው መረዳቱን ሳያጣ ወደ 500 ወይም 750 ይወጣል ማለት የማይመስል ነገር እንደሆነ ጽፈዋል።

ደሞ ሂሳቡን ብንሰራው ችግሩ እዛ አይደለም። ኤስኤቲ ላይ ለአንድ ጥያቄ 71 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል፣ በጣም ረጅሙ ፓሴጅ 150 ቃል ነው፣ በደቂቃ 250 ለሚያነብ ሰው 36 ሰከንድ። ኤልሳት ላይ ለአንዱ ፓሴጅ ከነጥያቄዎቹ 8 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ አለ፣ 500 ቃል ቢሆን ንባቡ የሚፈጀው 2 ደቂቃ ነው፣ ጽሑፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው ብለን እጥፍ ብናደርገው እንኳን ግማሹ ይተርፋል። ታዲያ ሰዓቱ የት ይሄዳል? ሁለት ምርጫ መሀል ሲዋልሉ፣ አንዴ የተነበበውን ፓሴጅ ሶስተኛ ጊዜ ከላይ ጀምሮ ሲደግሙ ነው የሚሄደው። ያ ደሞ የሚመጣው መጀመሪያ ሲነበብ ምን እየተባለ እንደሆነ ሳይያዝ ዓይን ብቻ ስላለፈበት ነው፣ እንደዛ ላለ ሰው የበለጠ ፍጠን ማለት እሳት ላይ ቤንዚን ነው።

ጥያቄውን ቀድሞ ማንበብ ይሻላል ወይስ ፓሴጁን የሚለው ክርክርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፣ እና መልሱ እንደ ፈተናው ነው። አንድ አጭር ፓሴጅና አንድ ጥያቄ ሲሆን ጥያቄውን ቀድሞ ማየት ምንም አያስከፍልም፣ እንዲያውም ይረዳል። አንድ ረጅም ፓሴጅ ስድስት ሰባት ጥያቄ ሲከተለው ግን ሁሉን በጭንቅላት ይዞ ማንበብ ስለማይቻል ፓሴጁን ቀድሞ አንብቦ የየአንቀጹን ስራ መያዝ ነው የሚያዋጣው። ምርጫዎቹን ቀድሞ ማንበብ የሚለው ምክር ግን ለየትኛውም አይሆንም፣ አብዛኞቹ ምርጫዎች ውሸት ናቸው፣ ውሸት ቀድሞ ጭንቅላት ውስጥ አስገብቶ ጽሑፍ ማንበብ ለምን ያስፈልጋል።

ልምምዱ ምን ቢመስል ነው የሚሰራው

የተለመደው አካሄድ ሃያ ጥያቄ መስራት፣ መልስ ማየት፣ አስራ አራት አገኘሁ ማለት፣ ማብራሪያውን አንብቦ አዎ ገባኝ ብሎ ወደሚቀጥለው ሃያ መሄድ ነው። እዚህ ውስጥ ከንባብ ጋር የተያያዘ ትምህርት የለም ማለት ይቻላል፣ ማብራሪያ ሲነበብ ሁልጊዜ ይገባል፣ መልሱ ታውቋላ።

የሚሻለው መልሱን ሳያዩ መከራከር ነው። አንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ምርጫ ካጠራጠረ ምልክት ይደረግበታል፣ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ መልስ ሳይታይ እንደገና ተመልሶ፣ የተመረጠውን የሚደግፈው ቃል ወይም ሀረግ ይሰመርበታል፣ ከተጣሉት ምርጫዎች ውስጥም እያንዳንዱ የትኛዋ ቃል እንዳበላሸችው ይጻፋል። «ስሜቱ አልመጣልኝም» ምክንያት አይደለም፣ «ጥቅም የለውም ይላል፣ ጽሑፉ ግን ያለው ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል ነው» ምክንያት ነው። ከዛ ነው መልሱ የሚታየው። እንደዚህ ሲሰራ ስምንት ጥያቄ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ለብዙ ተማሪ ያ ስንፍና ይመስለዋል፣ በቁጥር የለመደ ሰው ይቸግረዋል። በዚህ አካሄድ ሰዓት ጠፍቶ የተሳተውና ሰዓት ኖሮም የሚሳተው ይለያል፣ ሁለቱ ደሞ መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

ስህተት የሚመዘገብበት ደብተርም በርዕስ ሳይሆን በስህተት አይነት ቢሆን ይጠቅማል። ሳይንስ ፓሴጅ ላይ ሶስት ሳትኩ የሚለው ብዙ አይነግርም፣ ከሳትኳቸው ስምንቱ ውስጥ አምስቱ አንድ እርምጃ ያለፉ ምርጫዎች ናቸው የሚለው ግን ቀጥሎ ሲለማመዱ ዓይን የት መሆን እንዳለበት ያሳያል።

ረጅም ፓሴጅ ላለበት ፈተና ደሞ አንብቦ ዘግቶ ጸሐፊው ምን አለ፣ የማንን ሀሳብ ተቃወመ ብሎ በሁለት አረፍተ ነገር ለራስ መናገር አለ። በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ ባሳተሙት ሙከራ ጽሑፍን ደግመው ካነበቡት ይልቅ ዘግተው ለማስታወስ የሞከሩት ከሳምንት በኋላ የበለጠ ይዘው ተገኝተዋል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ግን ደግመው ያነበቡት ነበሩ የበለጡት። ጥናቱ ስለ ትውስታ ነው፣ ስለ ፈተና ስኮር አይደለም፣ ግን ደግሞ ማንበብ የሚሰጠው የገባኝ ስሜት ለምን እንደሚያታልል ያስረዳል።

የጥያቄው ምንጭ ነገርም አለ። ፈተና አውጪዎቹ ራሳቸው ነጻ የልምምድ ፈተና ያወጣሉ፣ ኤስኤቲ ብሉቡክ በሚባለው አፕ፣ ጂአርኢ ፓወርፕሬፕ ላይ፣ ኤልሳት ሎውሀብ ላይ። ሌላ ቦታ የሚሸጡ ጥያቄዎች፣ አሁን ደሞ ቻትቦት በደቂቃ የሚያመርታቸው፣ ርዕሳቸውም ቅርጻቸውም እውነተኛ ይመስላል፣ ችግራቸው ዲስትራክተሮቹ ላይ ነው፣ ወይ ሁሉም በግልጽ ውሸት ይሆናሉ ወይ ሁለቱ ልክ ይሆናሉ። ሁለት ልክ ያለው ጥያቄ ላይ የሚለማመድ ሰው በቃ ግምት ነው ብሎ ይደመድማል፣ ያ ድምዳሜ ከተሳተው ጥያቄ በላይ ጎጂ ነው። ቻትቦቱን ጥያቄ አውጣልኝ ከማለት የራስን ምክንያት ጽፎ የቱ ጋር ይሰበራል ብሎ መጠየቅ ይሻላል፣ የሚለውን ሁሉ ሳይቀበሉ።

በሁለተኛ ቋንቋው ለሚፈተን ሰው

ከላይ የተሰራው የደቂቃ ሂሳብ እዚህ ይለወጣል። በእንግሊዝኛ በደቂቃ 150 ቃል የሚያነብ ሰው 150 ቃል ያለው ፓሴጅ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይወስድበታል፣ ለጥያቄው 11 ሰከንድ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ አጭር ፓሴጅ ለሁለተኛ ቋንቋ ተፈታኝ ቀላል ነው የሚለው እንዲሁ አይወሰድም። በየፓሴጁ አዲስ ርዕስ፣ አዲስ ቃላት፣ አዲስ ጸሐፊ ነው፣ ረጅም ፓሴጅ ላይ ግን አንዴ ከገቡ እስከ መጨረሻው ጥያቄ ድረስ እዛው ነው የሚቆዩት። በዛኛው በኩል ደሞ አንድ ፓሴጅ ጨርሶ ባይገባ የሚጠፋው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ቃላት ሸምድዶ መግባት ያግዛል፣ ግን ሰዎች የሚሸመድዱት ብርቅ ብርቁን ነው። የበለጠ የሚያስከፍሉት ሁሉም የሚያውቃቸው የሚመስሉ ትናንሽ ቃላት ናቸው፣ ይሁን እንጂ፣ ቢሆንም፣ እንኳን ሳይቀር፣ ካልሆነ በስተቀር የሚሉትን የሚተኩት የእንግሊዝኛ ማያያዣዎች። በቤተ መጻሕፍቱ ጽሑፍ ላይ «ይሁን እንጂ»ን የዘለለ ሰው ጸሐፊው ከአስተዳደሩ ጋር የተስማማ ይመስለዋል፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ይገለበጣል። አንድ ሳምንት ሙሉ ፓሴጅ ሲነበብ ማያያዣዎቹን ብቻ እያከበቡ ከሱ በፊትና በኋላ ያለው እንዴት ተያያዘ ማለት ከሁለት መቶ የቃል ካርድ የበለጠ ሊያመጣ ይችላል።

ባዶ መተው ደሞ አይገባም፣ ኤስኤቲ ላይ ለተሳሳተ መልስ ይቀነስ የነበረው ሩብ ነጥብ በ2016 ቀርቷል፣ ጂአርኢም አይቀንስም፣ ጂማት ላይ እንዲያውም ሳይጨርሱ መተው ነው የሚያስቀጣው።

ከዚህ በኋላ ምን ሊመጣ ይችላል

ዳርትማውዝ ፈተናውን ሲመልስ የሰጠው አንዱ ምክንያት፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ አመልካቾች ሊጠቅማቸው ይችል የነበረውን ውጤት ዝቅ ያለ መስሏቸው ሳይልኩ እንደቀሩ የራሱ ተመራማሪዎች ስላገኙ ነው። ተቃዋሚዎቹ ደሞ ውጤቱ ከቤተሰብ ገቢ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል፣ ስለዚህ ችሎታ የሚለካ መስሎ ዕድል ነው የሚለካው ይላሉ። ሪዲንግን በተመለከተ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፣ የጀርባ እውቀት የሚጠራቀመው በአመታት ስለሆነ መጽሐፍ በሞላበት ቤት ያደገ ልጅ ይቀድማል፣ ምርጫ ከጽሑፍ ጋር የማስተያየቱ ክፍል ግን በነጻ ጥያቄና በእርሳስ ሊሰራ ይችላል።

የፓሴጁ ማጠር ራሱ የሚያመጣው ነገር ገና በደምብ አልታየም። አንድ መምህር ክፍሉን ለፈተናው ለማዘጋጀት 150 ቃል ብቻ እያስነበበ አመቱን ቢጨርስ የፈተናው ቅርጽ አያስቀጣውም፣ ተማሪዎቹ ግን ኮሌጅ ገብተው በሳምንት ሰማንያ ገጽ ሲሰጣቸው ክርክርን ከገጽ ገጽ ተከትሎ መሄዱ አዲስ ይሆንባቸዋል፣ ከአራት አመት በኋላ ኤልሳት ወይም ኤምካት የሚጠብቃቸው ደሞ እዛው ረጅም ፓሴጅ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለኤስኤቲ የሚለማመድ ሰው በሳምንት ሁለት ሶስቴ ሰዓት ሳይዝ ረዘም ያለ ጽሑፍ፣ በተለይ የማይስማማበትን፣ እስከ መጨረሻው አንብቦ ጸሐፊውን ሳያጣምም በሁለት አረፍተ ነገር ቢያስቀምጠው ለስኮሩ በቀጥታ ላይታይ ይችላል፣ እዛኛው ፈተና ላይ ግን ይታያል።